መረብ ብቻ የሚሥለው ወንድሜ

«ለዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጽሑፎችሽን በእረፍት ሰዓቴ ስልኬ ላይ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፍልሻለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ24 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ እሠራለሁ። አባታችን ባለፈው ሐምሌ አረፈ። ዓሣ አስጋሪ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ከአሞራ ገደል ጠፍቶ አያውቅም። የወሰደብን ግን ሐይቁ አይደለም፤ ጉበቱን ታሞ በሦስት ወር ውስጥ አለቀ። እናቴ ከዚያ ወዲህ ከቤት እምብዛም አትወጣም። ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። የታናሽ ወንድሜን የትምህርት ቤትና የማጠናከሪያ ክፍያ ደግሞ አጎቴ፣ የአባቴ ወንድም፣ ይሸፍናል።

ወንድሜ 18 ዓመቱ ነው፤ 12ኛ ክፍል ደርሷል። በቀብሩ ቀን አላለቀሰም። በሰልስቱም በአርባውም አላለቀሰም። ድንኳን ውስጥ ውሃ ሲያድል ነው የዋለው፤ ሰው ሁሉ «ጎበዝ፣ ወንድ ነህ» አለው። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ኳስ መጫወት ተወ። በሐይቁ በኩል የሚያቋርጠውን መንገድ ትቶ ዞሮ ነው ወደ ቤት የሚመጣው። ሲጠሩት «አቤት» ይላል፣ ሲያቀርቡለት ይበላል፤ ከዚያ ውጪ የለም።

ከጥቅምት ጀምሮ ግን ወጣት ማዕከል ውስጥ አንድ መምህር በነጻ የሚሰጠው የሥዕል ትምህርት ይሄዳል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ። በእነዚያ ቀናት ማጠናከሪያውን እየቀረ መሆኑን የሰማሁት ከአጎቴ ነው። እየከፈለ ልጁ አለመገኘቱ አንገበገበው። ቤት መጥቶ ቦርሳውን ሲፈትሽ የሒሳብ ደብተሩ ከመሀሉ እስከ መጨረሻው በእርሳስና በከሰል ተሞልቶ አገኘው። «ላቤን የማፈሰው ለዚህ ነው? አዝማሪ ልታደርጉት ነው?» ብሎ ወረወረው። ወንድሜ ቃል አልተናገረም፤ አንስቶ አራገፈና መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። አጎቴ ወጥቶ በሩ ላይ ረጅም ሰዓት ቆሞ ሄደ።

ማታ ወንድሜ ሲተኛ ደብተሩን ሰርቄ አየሁት። ሁሉም ገጽ ላይ መረብ ነው። ሰው የለም፣ ጀልባ የለም፣ ሐይቅ የለም። አንዳንዱ ገጽ ላይ አንድ ቋጠሮ ብቻውን ትልቅ ሆኖ ተሥሏል። አባቴ ማታ ማታ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ መረብ ሲጠግን ክሩን የሚይዝለት ወንድሜ ነበር። የአባቴ መረብ አሁንም ጓሮ እንደተሰቀለ ነው፤ የሚነካው የለም።

አጎቴ ልጁ ሥዕሉን ካልተወ ክፍያውን እንደሚያቆም ነግሮኛል። ፈተናው አምስት ወር ቀርቶታል። ሥዕሉን ባስተወው ያቺን የቀረችውንም እንዳላጣት እፈራለሁ። ዝም ብለው ደግሞ ቢወድቅ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የቤቱ ተስፋ እሱ ነው። እውነት ሥዕል እንዲህ ላለ ልጅ ይጠቅማል ወይስ ራሴን እያታለልኩ ነው?

ግራ የገባኝ እህት፣ ከሐዋሳ»

እህቴ፣ አስቀድሜ የአባታችሁን ነፍስ ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ቆሜያለሁ፤ አንቺ ግን ሁለቱንም በአንዳንድ መስመር ነው ያለፍሻቸው። አንደኛው ወንድምሽ የተወረወረውን ደብተር አንስቶ አራግፎ የከተተበት ነው። ሁለተኛው አጎትሽ በሩ ላይ ቆሞ የቆየበት። ወደ አጎትሽ እመለሳለሁ፤ ከልጁ ልጀምር።

ሰባት ወር ሙሉ ምንም ግድ የማይሰጠው የመሰለሽ ልጅ፣ ግድ የሚሰጠው አንድ ነገር እንዳለው ዓይንሽ እያየ አሳይቶሻል። አልተሳደበም፣ በር አላላጋም፣ ደብተሩንም ተናዶ አልቀደደውም። አቧራውን አራግፎ አስቀመጠው። እኔ ብሆን ሌላውን ወሬ ሁሉ ትቼ ይቺን ነበር የምይዘው።

«ሥዕል ይጠቅማል ወይ?» ላልሽው፣ ይጠቅማል ብዬ ብቻ ባልፍ ነገሩን የቫይታሚን ክኒን አስመስለዋለሁ። እንዴት እንደሚጠቅም ለማስረዳትም ሩቅ አልሄድም። አልቃሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ በልጅነቴ ደርሼባታለሁ። ለቅሶ ቤት ትገባና የሟቹን ሥራ፣ አነጋገሩን፣ ከእጁ የማይለየውን ዕቃ ሳይቀር በግጥም እየጠራች ሙሾ ታወርዳለች። እንባ እምቢ ብሎት እንደ ድንጋይ የተቀመጠው ሰው በአንዲት ስንኝ ይፈነዳል። በየገጠሩ የሟቹ ፈረስ ተጭኖ፣ ጋሻውና ልብሱ ተይዞ በለቀስተኛው መሀል ይዞር ነበር። የሥነ ጥበብ ትምህርት ብሎ የጠራው የለም። ግን ሐዘን ዝም ብሎ እንደማይወጣ፣ የሚወጣበት ዜማ ወይም የሚያዝ ዕቃ እንደሚፈልግ እነዚያ ሰዎች ያውቁ ነበር።

ከተማ ስንገባ ድንኳኑና ወንበሩ ተረፈን፤ ሙሾው ቀረ። ለጎረምሳ የሚተርፈው ደግሞ መላላክ ነው። ውሃ አድል፣ ወንበር አምጣ፣ እንግዳ ሸኝ። ወንድምሽ በገዛ አባቱ ለቅሶ አስተናጋጅ ሆኖ ዋለ። «ወንድ ነህ» ያሉት ሰዎች ክፋት አላሰቡም፤ ልጁ ግን የማልቀስ ተራ ሳይደርሰው ድንኳኑ ፈረሰ። እንግዲህ አሁን የአባቱን መረብ ብቻውን እያዞረልሽ ነው፤ በሒሳብ ደብተር ላይ።

እስኪ አንድ ነገር ሞክሪ። ክር ቋጥረሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና በእርሳስ ሣዪው። የትኛው ጫፍ ከላይ እንደሚያልፍ፣ የትኛው ከሥር እንደሚሾልክ፣ የት ጋ እንደሚታነቅ ካላወቅሽ እርሳሱ አይሄድልሽም። እኔ ይህን መልስ ከመጻፌ በፊት የጫማ ማሰሪያ ቋጥሬ ሞከርኩት፤ ሦስት ወረቀት አበላሽቼ ተውኩት። ወንድምሽ በየገጹ ይሠራዋል። ክሩን ለአባቱ ሲይዝ የነበረው እጅ ገና አልረሳም ማለት ነው።

ታዲያ አደራሽን፣ ሥዕሉን እንደ ሕልም አትፍቺው። ሰው ለምን የለበትም፣ ሐይቁ የት ሄደ እያልሽ ሌሊት አትብሰልሰዪ። «ለምን ሁልጊዜ መረብ?» ብለሽም አትጠይቂው፤ ምርመራ ይሆንበታል። መጠየቅ ካማረሽ «ይቺኛዋ ብዙ ጊዜ ፈጀችብህ?» በዪው። ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ሳያስበው ስለ ራሱም ጣል ያደርጋል።

እናቴ ታላቅ እህቴን የቀበረች ጊዜ ክረምቱን ሙሉ ጥጥ ፈተለች። ከእንዝርቷ በቀር ከዚያ ጥግ ድምፅ አይሰማም ነበር። ለማን እንደምትፈትል የጠየቃት የለም። ድውሩን ሸማኔ ጋ የወሰደችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ጋቢው ዛሬም እኔ ጋ አለ። ፈትሉ አንዱ ጋ ወፍራም፣ አንዱ ጋ ሊበጠስ የደረሰ፣ ወጣ ገባ ነው፤ እናቴ ደግሞ በፈትል የምትታማ ሴት አልነበረችም። ያን ክረምት እጇ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ያወቅሁት ጋቢውን ለብሼ ነው።

በትልቁም የታየ ነገር ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በአርመኖች ገዳም የተጠለሉ ወላጅ አልባ ልጆች በባንድ ሲጫወቱ ሰሙ። ኦቶማን ቱርክ ውስጥ በተፈጸመው የአርመኖች ጭፍጨፋ ቤተሰባቸውን ያጡ ልጆች ነበሩ። አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባል አርመናዊ አስተማራቸው፤ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፉለት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መዝሙር ዜማም የዚሁ ሰው ነው። ስለ አገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ሲወራ እነዚያ ልጆች ሳይነሡ አይታለፍም። እኔን የሚይዘኝ ግን ከዝናው ይልቅ የልምምዱ ሰዓት ነው። አንድ ልጅ መለከት ይሰጠዋል። ትንፋሹን መያዝ አለበት፣ ከጎኑ ያለውን መስማት አለበት፣ ገብቶ የሚወጣበትን መቁጠር አለበት። ያን ሁሉ ላየ ልጅ «ንገረን» ከሚሉት «ንፋ» ቢሉት ሳይቀልለው አይቀርም።

ለወንድምሽም ያ ክፍል ከእርሳሱ ሌላ የሚሰጠው ነገር አለ። በሳምንት ሦስት ቀን የሚጠበቅበት ቦታ አለው። አባቱን የማያውቁ፣ ስለዚህም ባዩት ቁጥር ከንፈር የማይመጡለት እኩዮች አሉት። ዘመዱ ያልሆነ፣ ምንም የማይፈልግበት ትልቅ ሰው አለ። ደግሞ ይሄን ልብ በዪልኝ፦ ሦስት ወር አባቱ ሲያልቅ ቆሞ አይቷል፤ ምንም ቢያደርግ የሚሻል ነገር አልነበረም። ሥዕል ላይ ግን ትናንት ያበላሸውን ዛሬ አሻሽሎ ያያል። ለ18 ዓመት ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ከ3,000 በላይ ጥናቶችን ያገላበጠ ሪፖርት አውጥቶ ነበር፤ ጥበብ በሽታን ለመከላከልም ሆነ ከሕክምና ጎን ለጎን ለማገገም ድርሻ እንዳለው ይናገራል። አጎትሽ ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር የሚያምን ሰው ከሆነ ይቺን ልትነግሪው ትችያለሽ።

ከሕክምና ጎን ለጎን ነው ያልኩሽ፤ በሕክምና ፋንታ አይደለም። ደብዳቤሽ ውስጥ ያልጻፍሻቸው ጥቂት ነገሮች ስላሉ ልጠይቅሽ። ሌሊት ይተኛል? በጣም ከስቷል? መጠጥ ወይም ጫት ጀምሯል? «ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል፣ በቀልድም ቢሆን፣ ከአፉ ወጥቶ ያውቃል? የሚወደውን ዕቃ ለሰው ማደል ጀምሯል? ከእነዚህ አንዱን እንኳ ካየሽ ሥዕሉም ፈተናውም ይቆይ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ካየሽ ደግሞ ፈረቃሽን አስፈቅደሽ ያን ዕለት እዚያው ሐዋሳ ሪፈራል ይዘሽው ሂጂ፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እንደዚያ ያለ ቃል ከሰማሽ በቀጥታ «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብለሽ ጠይቂው። መጠየቅሽ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብቻውን ተሸክሞት ከነበረ ያቀልለታል።

ወደ አጎትሽ እንምጣ። መጀመሪያ ፍርሃቱን አትናቂበት። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ቢልም ያን ያህል አላማረበትም። ስንቱ ሰው ተበድሮ ማጠናከሪያ የሚከፍለው ለዚህ ነው። አጎትሽም የሚከፍለው ገንዘብ ከላቡ ነው፤ ልጁም ሳይናገር ቀርቷል። ይሄ ሁሉ የእሱ እውነት ነው።

(አዝማሪ ያለውን ግን ልለፈው አልቻልኩም። አዝማሪን ለስድብ የሚጠራው ሰው ሁሉ ሠርግ ላይ ማሲንቆ ካልሰማ ያኮርፋል። አንቺ ግን ይሄንን እንዳትነግሪው።)

አሁን በሩ ላይ የቆመበትን ሰዓት አስቢው። አጎትሽ ቦርሳ የፈተሸው ከንቱ ጭረት አገኛለሁ ብሎ ይሆናል፤ ያገኘው ግን የወንድሙን መረብ ነው። ያን ቋጠሮ ከአንቺ የበለጠ የሚያውቀው እሱ ሊሆን ይችላል፤ ከወንድሙ ጋር አብሮ ያደገ ሰው ነው። ደብተሩን ሲወረውር በልጁ ብቻ እንደተናደደ እርግጠኛ ነሽ? እኔ አይደለሁም። ያ ሰው በዚያ ቤት አባት የሞተባቸው ልጆች ጠባቂ ሆኖ ነው የሚታየው፤ እሱን ወንድም ሞቶበታል ብሎ «እንዴት ነህ?» ያለው ሰው ማን ነው? አንቺ ብለሽው ታውቂያለሽ?

ስለዚህ ስለ ሥዕል ልትከራከሪው አትሂጂ። ሽማግሌም ገና አትላኪበት፤ ይጠነክራል። እሑድ ቡና አፍልተሽ ጥሪው። ቢቻል እናትሽም ወጥታ ትቀመጥ፤ ለእሷም ደግ ነው። መጀመሪያ ስለ ክፍያው አመስግኚው፤ በቁጥር ጭምር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደከፈለ እየጠቀስሽ። ከዚያ «ጋሼ፣ ማጠናከሪያውን መቅረቱ ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ ሊጠይቅህ ይገባል» በዪው። ይሄን አንቺ አስቀድመሽ ካላልሽው የቀረውን አይሰማሽም። ሲረጋጋ «አባባ መረብ መጠገን ከማን ነው የተማረው?» ብለሽ ጠይቂውና ዝም በዪ። የሚመልስልሽን እኔ አላውቅም። መልሱ ግን ስለ 12ኛ ክፍል ከምታወሩት ሁሉ የተሻለ መግቢያ ይሆንሻል።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን ከወንድምሽ ጋር ልትጨርሺው የሚገባ ጉዳይ አለ። ሐዘንተኛ ነው ብለን መልአክ አናድርገው። ሳይናገር ከማጠናከሪያ እየቀረ የሰው ገንዘብ አባክኗል፤ የአጎቱን ይቅርታ ራሱ ይጠይቅ። ቃሉን አንቺ አትጻፊለት፤ «ጋሼ ይቅርታ» ብቻ ብሎ ቢቀመጥም ይበቃል። ከዚያ ወረቀት አምጪና ሳምንቱን ራሱ ይከፋፍለው። አንቺ ሠርተሽ አትስጪው። የአንቺ ድርሻ ሁለት ድንበር ማስቀመጥ ነው፦ ማጠናከሪያው አይቀርም፤ ሥዕሉም ጨርሶ አይቆምም። በመሀል ያለው የእሱ ነው። እኔ ብሆን ሥዕሉ ከሦስት ቀን ወደ ሁለት ወርዶ ማጠናከሪያ ወደሌለባቸው ቀናት ቢዛወር፣ መጨረሻው ወር ላይ ደግሞ አንድ ቀን ቢቀር ይበቃል ብዬ አስባለሁ። እሱ ሌላ ካመጣና ካስኬደ የእሱ ይሁን። ከማጠናከሪያው የትኛው ትምህርት እንደከበደውም ጠይቂው፤ ሰባት ወር የባከነበት ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦም ላይገባው ይችላል፤ መቅረቱ ከዚያም ሊሆን ይችላል።

አንድ ባዶ ደብተር ግዢለት። የተሰመረ ያልሆነ። ዋጋው ምንም አይደለም፤ ከሰሉንም ከምድጃ ያገኛል። የሒሳብ ደብተሩ ግን ከእንግዲህ የጦርነት ሜዳ መሆኑ ይብቃው።

«ሠዓሊ ሊሆን ነው እንዴ?» የሚለውን ጥያቄ አሁን ማንም እንዳያነሳው። አንቺም ተስፋ አድርገሽ፣ አጎትሽም ሠግቶ። እኛ አገር ልጅ የነካውን ሁሉ ወዲያው ሙያ እናደርግበታለን፤ ጥሩ ኳስ ከመታ ለብሔራዊ ቡድን፣ ጥሩ ከሣለ ለኤግዚቢሽን። መምህሩ ተሰጥኦ አለው ቢልሽ እንኳ ደስ ይበልሽና ያዢው። ምናልባት ልጁ ራሱ አንድ ቀን ካነሳው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የራሱ የመግቢያ ፈተና እንዳለው፣ ያንን ለመፈተን ደግሞ መጀመሪያ የ12ኛ ክፍሉን ማለፍ እንደሚያስፈልግ ንገሪው። የሒሳብ ደብተሩና የሥዕል ደብተሩ ያን ያህል ጠላት አለመሆናቸውን ያኔ ራሱ ያየዋል። አንቺ ግን እንደ ማባበያ አታቅርቢለት።

እሺ፣ እስካሁን ያወራነው ስላላየሽው ክፍል ነው። ሄደሽ እዪው። የጠዋት ፈረቃ በምትሆኚበት ሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ስትወጪ በባጃጅ ጎራ በዪ። ወንድምሽን አስቀድመሽ «ልመጣ ነው» በዪው፤ እንደ ሰላይ አትድረሺበት። ከኋላ ቁጭ በዪ። የማን ልጆች ይመጣሉ? በሩ ክፍት ነው? ከመምህሩ ሌላ ትልቅ ሰው በአካባቢው አለ? ልጅ ብቻውን ከመምህር ጋር የሚቀርበት ሰዓት አለ? ይሄንን የምልሽ መምህሩን ጠርጥሬ አይደለም፤ ሐዘን ላይ ያለ ልጅ የሚውልበትን ማንኛውንም ቦታ፣ ስብሰባም ይሁን የእግር ኳስ ቡድን፣ ቤተሰቡ አንዴ ማየት አለበት ብዬ ስለማምን ነው። ሲያልቅ መምህሩን «ጎበዝ ነው?» ብለሽ አትጠይቂው። «እዚህ ሲሆን ያወራል?» በዪው። «ስቆ ያውቃል?» በዪው። አዎ ካለሽ፣ ቤት ውስጥ የጠፋው ልጅ አድራሻው የት እንደሆነ አወቅሽ። አይ ካለሽም ጥሩ መረጃ ነው፤ ዝምታው እዚያም ድረስ ከተከተለው ከላይ ያልኩሽን የሕክምና ነገር በቶሎ አስቢበት። መምህሩ አባቱ መሞቱን ላያውቅ ይችላል። መንገሩን ለወንድምሽ ተዪለት፤ ምናልባት ያን ክፍል የወደደው ማንም ስለማያውቅ ነው።

አጎትሽ ይህን ሁሉ ሰምቶ ክፍያውን ቢያቆምስ? ሊያቆም ይችላል። ያኔ ዓለም አይገለበጥም። ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ የራሱ ማጠናከሪያ ካለው ጠይቂ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለተፈታኞች ይሰጣሉ። ሐዋሳ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ በርካሽ የሚያስጠኑ ተማሪዎች አይጠፉም፤ አምና የተፈተነ የሰፈር ልጅም ለወንድምሽ ከአስተማሪ በላይ ሊጠቅመው ይችላል። የአጎትሽን ቤት ግን በሩን አትዝጊ። ገንዘቡ ቢቀርም ሰውየው አይቅር።

«ቢወድቅ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለሻል። አንቺ በ24 ዓመትሽ ሙሉ ፈረቃ ቆመሽ ውለሽ፣ ማታ የእናት ዝምታና የወንድም ዝምታ መሀል የምትበዪ ሰው ነሽ። ፈተናውን የሚቀመጠው እሱ ነው። «የቤቱ ተስፋ» የምትለዋን ቃልም እሱ ፊት ብትቀንሻት ደስ ይለኛል። አባት የሞተበት ልጅ ቤቱ ምን ያህል እንደሚጠብቀው ሳይነግሩት ያውቃል፤ ምናልባትም ያስደነገጠው እሱ ነው።

የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይከብድሻል። ደብተሩን ሰርቀሽ ማየትሽን ንገሪው። እሑድ ቡናው ከመፍላቱ በፊት፣ አጎትሽ ሳይመጣ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ያለ ፈቃዱ ያን ደብተር ከፍተዋል፤ አንዱን ያውቃል፣ አንዷን አያውቅም፤ በኋላ ቢደርስበት ከአጎቱ ውርወራ ይልቅ የአንቺ ያመዋል። «ስትተኛ አየሁት፤ ልክ አልነበረም፤ ቋጠሮዎቹን ግን አወቅኋቸው» በዪው። የአባትሽን መረብ አውርደን እንየው ካለሽ አብረሽው ውጪ፤ ካላለሽ አንቺ አታንሺው፤ እንደተሰቀለ ይቆይ። ሊቆጣሽ ይችላል። በሰባት ወር ውስጥ ተቆጥቶ የማያውቅ ልጅ ስለሆነ፣ ከተቆጣ ቁጭ ብለሽ አድምጪው፤ አታባብዪው፣ አታቋርጪውም። ምን እንዳለሽ ደግሞ ጻፊልኝ።